በፎቶው ጠርዝ ያለችው እጅ

ሰፈሩ «ቤተ መንግሥት» እያለ ነው የሚጠራት። ሥራዋ ፀጉር መሥራት ነው። ሁለት የፀጉር ማድረቂያ ካስክ፣ አንድ ረጅም መስታወትና እግሩ የላላ አግዳሚ ወንበር አላት፤ ሌላ ሀብት የላትም። ስሙ የወጣላት የድሮውን ፕሬዚዳንት ቤተሰብ ፎቶ፣ ደብዳቤና መጽሐፍ ስለምትሰበስብ ነው። ሥጋ ሻጩ ባያት ቁጥር «ቤተ መንግሥት፣ ሚኒስትሮቹ ደህና አደሩ?» ይላታል። «ደህና ናቸው፤ አንተንም ሊሾሙህ ነው፣ ሽርጥህን እጠብ» ብላው ታልፋለች። ሰው ሁሉ የድሮ ጌቶች ናፋቂ ናት ብሎ ደምድሟል። ይደምድማ! ለማን ብላ ታስረዳ?

ነገሩ ሌላ ነው። እናቷ የፕሬዚዳንቱ ልጆች ሞግዚት ነበረች። ጎህ ሳይቀድ ትወጣለች፤ ማታ ስትመለስ ልጇን ደጃፍ ላይ ቁጭ እንዳለች እንቅልፍ ጥሏት ታገኛታለች። አክስቷ «ኧረ ግቢ፣ ብርድ ይመታሻል!» ብትላትም ጆሮ ዳባ ልበስ ነበር። እናቷ ሳትመጣ አትገባም። ያቺ እናት ገና ሳትጠግባት ሞተችባት፤ አንድ ፎቶ እንኳ አልተወችም። የሰው ልጅ ስታሳድግ የራሷን ይዛ ፎቶ ቤት የምትሄድበት ጊዜ ከየት ይምጣ? ልጅቷ ስታድግ የእናቷ ፊት ከሐሳቧ እየጠፋ ሄደ። የማትረሳው እጇን ብቻ ነበር። ትንሿ ጣቷ ወደ ውስጥ የተጣመመች ነበረች። ያችኑ ጣት እሷም ወርሳታለች፤ ማበጠሪያ በያዘች ቁጥር ታያታለች።

አንድ ቀን ደንበኛዋን ካስክ ውስጥ አስገብታ አሮጌ መጽሔት ስታገላብጥ፣ የፕሬዚዳንቱ ልጆች ሣር ላይ ተቀምጠው የተነሱትን ፎቶ አየች። በጠርዙ በኩል ትንሹን ልጅ ከኋላው የደገፈች እጅ አለች። ባለቤቷ የለችም፤ ፎቶው ክንዷ ላይ ያበቃል። ትንሿ ጣት ግን ጠማማ ናት። ልቧ ድው አለ። «እሷ ናት! የእናቴ አጥንት ይውጋኝ፣ እሷ ናት!» ብላ ስትጮኽ፣ ካስክ ውስጥ የነበረችው ሴትዮ እሳት የተነሳ መስሏት ፀጉሯ እንደተጠቀለለ ወደ መንገድ ሮጠች።

ከዚያ ወዲያ ማን ይቻላት! ቆራሌው አሮጌ ወረቀት ባገኘ ቁጥር መጀመሪያ የሚመጣው ወደ እሷ ሆነ። እጅ ሰበሰበች፣ ትከሻ ሰበሰበች፣ የቀሚስ ጫፍ ሰበሰበች። የፕሬዚዳንቱ ሚስት የጻፈችውን የሕይወት ታሪክም ገዛች። «ልጆቼን በገዛ እጄ ነው ያሳደግሁት» የሚለው ጋ ስትደርስ መጽሐፉን ከግድግዳው ጋር አላተመችው። «ዓይን ያወጣ ውሸት! የማንን እጅ ነው የገዛ እጄ የምትለው?» ኋላ ያወጣችበት ገንዘብ አሳዝኗት አነሳችው። ሴትዮዋ ለወዳጇ ከጻፈቻቸው ደብዳቤዎችም አንዱ እጇ ገባ። «ልጅቷ ዛሬም ከሥራ ቀረች፤ እነዚህ ሰዎች ምክንያት አያጡም» ይላል። ቀኑን ብታይ፣ ራሷ የተወለደችበት ቀን! «ምክንያቷማ እኔ ነኝ!» አለች፤ ሳቀችም፣ አለቀሰችም። ደብዳቤውን እስከ ዛሬ ከመታወቂያዋ ጋር ነው የምታስቀምጠው።

እናቷ ሙሉ ሆና የምትታይባት ፎቶ የተገኘችው ቆራሌው ከአንድ የሞተ ሹፌር ቤት ካመጣው መጽሐፍ ውስጥ ነው። እናቷ ደረጃ ላይ ቆማ፣ የፕሬዚዳንቱን የመጨረሻ ልጅ አቅፋ፣ ወደ ካሜራው ትስቃለች። ጥርሷ ፍንጭት ነው። ፍንጭት መሆኗን እንኳ ረስታው ነበር! አክስቷ መነጽሯን አድርጋ አየችና «ራሷ ናት፣ አፈር ስሆን፣ ራሷ ናት» አለች። የዚያን ቀን ፀጉር ቤቱ ተዘጋ።

ወሬ መቼም አይደበቅም። ያቺ የታቀፈችው ልጅ አሁን ፀጉሯ ሸብቶ የአባቷን መታሰቢያ ኤግዚቢሽን እያሰናዳች ነበርና፣ ስለ ፎቶዋ ሰምታ የኤግዚቢሽኑን አዘጋጅ ላከች። ሽቶው ከሱ ቀድሞ የሚገባ ሰው ነው። ፎቶዋን በውሰት ጠየቀ። አክስቷ «እንዳትሰጪ!» አለቻት።

«እሰጣለሁ» አለች ፀጉር ሠሪዋ። «ግን ከሥሯ የእናቴ ስም ይጻፍ። ሰው ይያት።»

«በክብር ነዋ፣ እትዬ!» አለ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ።

የመክፈቻው ዕለት ጥሩ ቀሚሷን ለብሳ፣ ፀጉሯን ራሷ ተሠርታ ሄደች። በየግድግዳው ፈልጋ ፈልጋ ፎቶዋን አገኘቻት። ወርቅማ ክፈፍ ውስጥ ገብታለች። ነገር ግን ከመስታወቱ ሥር ነጭ ካርቶን ተደርጎ፣ መሐሉ ላይ የተቀደደው መስኮት ሕፃኗን ብቻ ያሳያል። ሁለት እጆች ሕፃን ይዘዋል፤ ከነሱ በላይ ሰው የለም። ከሥሩ «የፕሬዚዳንቱ ልጅ በሕፃንነቷ» ይላል።

ደሟ ፈላ። «እናቴ የት አለች?»

«ከካርቶኑ ሥር ናት፤ አልተቆረጠችም እኮ» አለ አዘጋጁ እየተቅለሰለሰ። «ለዓይን እንዲያምር ብለን ነው።»

«ለማን ዓይን?» አለችና ክፈፉን ከሚስማሩ አውርዳ ወለሉ ላይ በፊቱ ደፋችው። ከቦርሳዋ ባለ ሽቦ ጭራ ማበጠሪያዋን አውጥታ ጀርባውን ትፈለቅቅ ጀመር። ዘበኛው ሊይዛት ጎንበስ ሲል «ንካኝና ታያለህ! የገዛ እናቴን ነው የማወጣው!» አለችው። ዘበኛውም ተወት አደረጋት። እንግዳው ሁሉ ብርጭቆውን እንደያዘ ደርቆ ቀረ።

የፕሬዚዳንቱ ልጅ በከዘራዋ እየተመረኮዘች ደረሰች። ካርቶኑ ተነስቶ የሞግዚቷን ፊት ስታይ ባለችበት ቆመች። «እቴቴ» አለች። በልጅነቷ እንደዚያ ነበር የምትጠራት። ዓይኗ እንባ አቀረረ። «ፍንጭቷን አስታውሳለሁ። ማታ ማታ እንቅልፍ እስኪወስደኝ ከአጠገቤ አትነሳም ነበር።»

ፀጉር ሠሪዋ ደጃፍ ላይ ተኮራምታ በምትጠብቅበት ሰዓት እናቷ የት እንደነበረች አሁን ሰማች። «ካስታወሷት ታዲያ ለምን አስሸፈኗት?» አለቻት።

«ይስተካከላል» አለች የፕሬዚዳንቱ ልጅ። «ስሟንም ዛሬውኑ አስጽፋለሁ። ብቻ እዚህ ትቅርልኝ።»

«አትቀርም! ዕድሜዋን ሙሉ እናንተ ጋ ቀርታለች። አሁን ወደ ቤቷ ትመለስ።» ፎቶዋን ደረቷ ላይ ለጥፋ በመሐላቸው ሰንጥቃ ወጣች። ማንም አላስቆማትም።

አሁን ፎቶዋ ፀጉር ቤቱ ውስጥ፣ ከካስኮቹ በላይ ተሰቅላለች። ከመግቢያው ሲያዩዋት የአዲሱ ክፈፏ መስታወት ነጸብራቅ ይጋርዳታል፤ መሥሪያው ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ግን በረጅሙ መስታወት ውስጥ ፊት ለፊት ያያታል። ሥጋ ሻጩ ሳይቀር አንድ ቀን ወንበሩ ላይ ተገማሽሮ አያትና «ለካ የቤተ መንግሥቱ ባለቤት እሷ ኖራለች» አለ።

በቀደም ቅዳሜ ቤቱ በሴት ጢም ብሎ ሳለ፣ የፕሬዚዳንቱ ልጅ ከዘራዋን ይዛ ብቻዋን ገባች። «ፀጉር ልሠራ አይደለም» አለች ቀስ ብላ። «አንድ ጊዜ ላያትና ልሂድ ብዬ ነው።»

ፀጉር ሠሪዋ እጇ በሻምፖ አረፋ እንደተሞላ ዞር አለች። በዚያች ጠማማ ጣቷ አግዳሚውን አሳየቻት።

«ወረፋ አለ፤ ይቀመጡ» አለቻት። «እኔም እሷን ስጠብቅ ነው ያደግሁት።»

ሴትዮዋ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ የአግዳሚው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።