ልጓሙን ልቀቅ

ልጆቼ ፈረሴን የሸጡት ከደምበጫ ገበያ ስመለስ ከላዩ ወድቄ እጄ የተሰበረ ጊዜ ነው። «ከእንግዲህ በባጃጅ ነው የሚሄዱት» አሉኝ። እንደ መካሻ ተዋጥተው የግብፅን ገዳማት እንድሳለም ላኩኝ። እሺ ብዬ ሄድኩ። ቂሜም አብሮኝ ሄደ።

እዚያ በተሳላሚዎቹ አውቶቡስ ላይ አጠገቤ የተቀመጠችው የመርካቶ ጨርቅ ነጋዴ ናት፤ ወሬ የማያልቅባት፣ ደግ ሴት። ስንወርድ ክንዴን ትይዛለች፣ ደረጃ ስንወጣም ትይዛለች።

«ተይኝ እቴ፣ እንቁላል አይደለሁም።»

«ቢሰበሩ ለልጆችዎ ምን እመልሳለሁ አባባ?»

ገዳማቱን ጨርሰን ፒራሚዱ ዘንድ ወሰዱን።

«ይኸን የሚያህል አይተው ያውቃሉ?» አለችኝ።

«የጮቄን ተራራ አይተሽ ቢሆን አትጠይቂኝም ነበር።»

የእኔ ዓይን ያረፈው የሚከራዩት ፈረሶች ላይ ነው። አንዱን አረብ በእጄ ጠርቼ ዳማውን ፈረስ አሳየሁት።

«አባባ፣ ፈረስ እኮ ነው» አለች።

«ፈረስ መሆኑንማ አይቻለሁ።»

ጫማዬን አወለቅሁ፤ በእኛ አገር እርካብ የሚያዘው በአውራ ጣት ነው። ወጣሁ። አረቡ ልጓሙን ይዞ ይጎትተኝ ጀመር።

«ልቀቅ» አልኩት በአማርኛ። ራሱን ነቀነቀ።

«ሁሉም እየተጎተተ አይደል? ምን አለበት?» አለች ነጋዴዋ።

«ተጎትታ የምትሄድ ሙሽራ ናት። እኔ ሙሽራ እመስላለሁ?»

ሳቀች። አረቡም እሷን አይቶ ሳቀ። እኔ ግን እጄን እንደዘረጋሁ ቀረሁ። ፀሐዩ ይፋጃል። ልጓሙን ካልሰጠኝ እንደማልሄድም እንደማልወርድም ሲገባው ሰጠኝ።

ያን ጊዜ ፈራሁ። የተሰበረው እጄ ይከዳኝ ይሆን? ፈረሱን በተረከዜ ነካሁት። ሶምሶማ ያዘ፤ ቀጥሎ ጋለበ። እጄ አልከዳኝም። ነጠላዬ ከኋላዬ እየተውለበለበ እስከ ፒራሚዱ ጥግ ደርሼ ስዞር፣ የአውቶቡሳችን ሰው ሁሉ ቆሞ ያያል። አንዷ እልል አለች። ፊታቸው ደርሼ ፈረሱን ቀጥ አደረግሁት።

ነጋዴዋ ቀረብ ብላ የዳማውን አንገት ዳበሰች።

«እኔንም ያውጡኝ። ግን እንዳይለቁኝ።»

ወርጄ አወጣኋት፤ ልጓሙን ይዤ ጎተትኳት።

«ቀስ ይበሉ አባባ፣ ወደቅሁ።»

«ቀና በይ ሙሽሪት፣ ሰው ያይሻል።»

አገሬ ስገባ ለልጆቼ ምንም አልነገርኳቸውም። በገበያ ቀን ደምበጫ ወረድኩ። ባለ ባጃጁ «ልጫንዎት አባባ» ቢለኝ፣ «እለፍ» ብዬው ከብት ተራ ገባሁ። ቤቴ የተመለስኩት በፈረስ ነው።