ሙሴ ሲልቪዮን የሸኙት ሾፌር

በደብረ ሲና ሾፌሮች ዘንድ የጋሽ ወልደተንሣኤ ስም «ቀስ በቀስ» ነበር። አርባ ዓመት የጭነት መኪና ሲነዱ ሌላ መኪና ሲቀድሙ ያያቸው የለም። የጣርማ በርን ዳገት በሁለተኛ ማርሽ ሲያዘግሙ፣ ከኋላ የተሰለፈው ሁሉ ጥሩንባውን እያምባረቀ ያልፋቸዋል። እሳቸው እጃቸውን በመስኮት አውጥተው ያሳልፉታል።

ዛሬ ሰማንያ አራት ዓመታቸው ነው። ደብረ ብርሃን ከልጅ ልጃቸው ከማስተዋል ጋር ይኖራሉ። ማስተዋል ነርስ ናት። ባለፈው ጥቅምት መንጃ ፈቃድ አውጥታ፣ ከጓደኛዋ መኪና ተውሳ ስትመጣ፣ ሽማግሌው ጋቢያቸውን ደርበው ደጅ ቆመው ጠበቋት።

«እስቲ ወደ ጫጫ ሜዳ ውሰጅኝ።»

«ጫጫ ምን አለ፣ አባባ?»

«ምንም የለም። ሜዳው ነው።»

ሲወጡ ጉሙ ገና አልተነሣም። መንገዱ ከፊታቸው ጥቂት በጥቂት ብቅ እያለ ከኋላቸው ይሰወራል። ግራና ቀኝ ያለው ገብስ ውኃ ውስጥ የቆመ ይመስላል። ጋሽ ወልደተንሣኤ ዓይናቸውን ከደን አደረጉ። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ዓይናቸውን ሲከድኑ የሞተውና ያለው ይቀላቀልባቸዋል።

«ስለ ሰውዬው ነግሬሽ አላውቅም» አሉ።

ሰውዬው ሲልቪዮ ነው፤ ደብረ ሲና ላይ ጋራዥ የነበረው ጣሊያን። እሳቸው በሃያ ሁለት ዓመታቸው እሱ ዘንድ ሥራ ገቡ። ፈረንጅ ስለሆነ አገሬው ሙሴ ሲልቪዮ ይለዋል። ትምህርቱ እንግዳ ነበር። መሪ ከማስያዙ በፊት ዓይናቸውን በጨርቅ ያስርና የቆመ መኪና ሞተር አስነሥቶ፣ «ምን ይላል?» ይላቸዋል። ሁለት ወር እንዲህ አለፈ። ከዚያ ሞተር ሲደክመውም፣ ሲጠማውም፣ ደስ ሲለውም ከድምፁ ይለዩ ጀመር።

ጋራዡ ግድግዳ ላይ አንድ ፎቶግራፍ ነበር። የቆዳ ቆብ ያጠለቀ ወጣት ጣሪያ በሌላት ጠባብ መኪና ውስጥ ተቀምጦ ይስቃል። አንድ የዝናብ ቀን፣ ሥራ ሲጠፋ፣ ማን እንደሆነ ጠየቁት።

«እኔ ነኝ» አለ ሲልቪዮ፤ ከዚያም ነገራቸው። የዳቦ ጋጋሪ ልጅ ነው። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ባበቃ ማግስት ባባቱ የዳቦ መኪና መንደር ለመንደር መወዳደር ጀመረ። በሃያ አራት ዓመቱ እውነተኛ የእሽቅድምድም መኪና ሰጡት። ዘጠኝ ዓመት ተወዳደረ፤ አሸነፈ፤ ሴቶች ከየሰገነቱ አበባ ወረወሩለት። ታናሽ ወንድሙ ፒዬሮም ተከትሎት ገባ።

«የመጨረሻው ቀን ዝናብ ነበር» አለ ሲልቪዮ። «ፒዬሮ ከኋላዬ ነው። አንድ ኩርባ ላይ ፍሬን መያዝ ነበረብኝ፣ አልያዝኩም። እኔ ኩርባውን እንደምንም አለፍኩት። እሱ ግን እኔን አምኖ ነው የመጣው። ዞር ስል ማንም የለም።»

ከዚያ በኋላ ሲልቪዮ አልተወዳደረም። በአንድ የመንገድ ሥራ ድርጅት መካኒክነት አገራችን ገባ፤ እዚሁም ቀረ። በሰዓት ከሠላሳ ኪሎ ሜትር በላይ አይነዳም። «ወልዴ፣ ከኋላህ ያለው አንተን እያየ ነው የሚነዳው» ይላቸው ነበር። ወልደተንሣኤም ቃሉን ያዙ።

አንዳንድ ቀን፣ ወደ ማታ፣ ሲልቪዮ የቆመች ፒክአፑ ውስጥ ገብቶ መሪ ጨብጦ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ይቀመጣል። ቀኝ እግሩ ቀስ እያለ ይረግጣል፤ ከንፈሩ ይርገበገባል።

«የት ሄደው ነበር፣ ሙሴ?» ይሉታል።

«ጫጫ ሜዳ። እንደዚያ ቀጥ ያለ መንገድ እኮ የለም፣ ወልዴ። አንድ ቀን...» ይልና ሳይጨርሰው ወርዶ ይሄዳል።

አብረው በሠሩ በስምንተኛው ዓመት ሲልቪዮ በሳንባ ሕመም ሞተ። ዘመድ አልነበረውም። አዲስ አበባ ካቶሊኮች መቃብር እንዲያርፍ ተወሰነ፤ ወልደተንሣኤ ሳጥኑን በዚያችው ፒክአፕ ላይ ጭነው እሑድ ማለዳ ብቻቸውን ተነሡ። ጣርማ በርን በሁለተኛ ማርሽ ወጡ። ደብረ ብርሃንን በዝግታ አለፉ። ሜዳው ሲከፈትላቸው ቆሙ። ወርደው ገመዱን አጠበቁ። ሰማዩ ጥርት ብሏል፤ በመንገዱ ላይ ውር የሚል ነገር የለም። ሳጥኑን በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉት።

«እንግዲህ ሙሴ፣ ዛሬ ከኋላችን ማንም የለም።»

ከዚያ ረገጡት።

ሦስተኛ፣ አራተኛ ማርሽ። ሣሩ ከመንገዱ ዳር ወደ ኋላ ተኛ። ነፋሱ በመስኮቱ ገብቶ እንባቸውን ወደ ጆሯቸው ወሰደው። ሞተሩ ከዚያ በፊት ሰምተውት የማያውቁትን ድምፅ አወጣ፤ የደስታ ድምፅ መሆኑን ግን አላጡትም። መሬቱ ከጎማው ሥር የቀረ መሰላቸው። አንድ ጊዜማ ከኋላ ሰው የሳቀ መሰላቸው፤ ነፋስም ይሁን ሌላ እስከ ዛሬ አያውቁትም። ጫጫ መግቢያ ላይ አንዲት ሴት በጎቿን እየነዳች ስትሻገር አይተው ማርሽ ቀነሱ፤ አቆሙላት፤ እሷም ጎንበስ ብላ አመስግናቸው አለፈች።

«በስንት ነድተው ነበር?» አለች ማስተዋል። መኪናዋን ዳር ይዛ ካቆመች ቆይታለች።

«ቆጣሪው ድሮም የተበላሸ ነው። መቃብሩ ጋ ስደርስ ግን ጉድጓዱን ገና እየቆፈሩ ነበር፤ ቄሱም አልመጡ። ሁለት ሰዓት አብረን ተቀምጠን ጠበቅን። ለአያትሽ ለበሰለችም አልነገርኳትም፤ ትደነግጣለች ብዬ።»

«ከዚያ ወዲህ ሄደው ያውቃሉ?»

«የት?»

«መቃብሩ ጋ።»

በአሉታ ራሳቸውን ነቀነቁ። ማስተዋል ሰዓቷን አየች፤ የእረፍት ቀኗ ነው። ወደ አዲስ አበባ ቀጠለች።

ስድስት ሰዓት ገደማ ደረሱ። ድንጋዩን ያገኘችው እሷ ናት፤ የድንጋይ ሽበት ሸፍኖታል። በነጠላዋ ጫፍ ስትጠርገው በአማርኛ የተቀረጸ ሁለት ቃል ወጣ፤ «ሲልቪዮ፣ ሾፌር»። ቀራጩ የጣሊያኖቹን ፊደል ስለማያውቅ ወልደተንሣኤ ያኔ እንዲያ አስጽፈውት ነበር። ሽማግሌው ኮፍያቸውን አውልቀው ከድንጋዩ አጠገብ ተቀመጡ። ለመሄድም አልቸኮሉ።