የሁዳዴ መርፌ

እናኑ ባሏን ዋሽታ አታውቅም ነበር፤ የዘንድሮው ሁዳዴ ከገባ ወዲህ ግን በሳምንት አንድ ቀን፣ ረቡዕ ረቡዕ ትዋሸው ጀመር። ውሸቷም በርበሬ ነበር። «ቡሬ በርበሬው ረክሷል አሉ፤ ገዝቼ ፍኖተ ሰላም እሸጠዋለሁ» ብላ ጠዋት ከቤት ትወጣና ከሰዓት በኋላ በርበሬዋን ተሸክማ ትመለሳለች። የተገዛው ሁሉ ግን አልተሸጠም። ስድስተኛው ሳምንት ላይ እነሱ ቤት ገብቶ ሳያስነጥስ የሚወጣ እንግዳ ጠፋ። ባሏ ቢሆነኝ በርበሬውን አይቶ እሷን ያያል፣ ከዚያ ወደ እርሻው ይወርዳል።

ነገሩን ያመጡት አማቷ ወይዘሮ ዓባይነሽ ናቸው። ቅበላ ዕለት፣ ዘመድ አዝማድ በተሰበሰበበት፣ ዶሮው ከገበታ ሳይነሳ «እኔ እንግዲህ አርጅቻለሁ» ብለው ጀመሩ። እሳቸው አርጅቻለሁ ብለው የጀመሩት ነገር መጨረሻው አምሮ አያውቅም። «ዘጠኝ ዓመት ጠበቅን። ላም እንኳ ሁለት ዓመት ከደረቀች ገበያ ትወጣለች። ጰራቅሊጦስ እስኪደርስ የሚታይ ነገር ከሌለ ለልጄ ሌላ ቤት አይለታለሁ።»

ቢሆነኝ ጉርሻው አፉ ውስጥ እንዳለ አንገቱን ደፋ። እናኑን ከአማቷ ቃል ይልቅ የጎዳት ያ ዝምታ ነበር።

በማግስቱ ሰኞ ጾሙ ያዘ። ሃምሳ አምስት ቀን ባልና ሚስት አይገናኙም፤ ቢሆነኝም እንደ ደንቡ ትራሱን ይዞ መደቡ ላይ መተኛት ጀመረ። በጾም መሀል ፍሬ ከየት እንደሚመጣ ወይዘሮ ዓባይነሽ አልተናገሩም፤ ቀን መቁረጥ እንጂ ቀን መቁጠር የእሳቸው ሥራ አይደለም። እናኑ ግን ቆጠረች። ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ሃምሳ ቀን አላት። እንግዲያው ሁዳዴን ለማረስ፣ ሃምሳውን ቀን ለመዝራት አዋለችው።

ሲስተር ሰርካለምን የጠቆመቻት ቡሬ የምትኖር የአክስቷ ልጅ ናት። ሲስተር ሰርካለም አዲስ አበባ ከቻይና ሐኪሞች ጋር ስትሠራ አኩፓንቸር የተማረች ነርስ ነች፤ ቡሬ ላይ ሁለት አልጋ ያላት ክፍል ከፍታለች። ከፀጉር ብዙም የማይወፍሩ መርፌዎች ሆድ ላይ፣ እጅና ቁርጭምጭሚት ላይ ትሰካለች፤ ከዚያ ግማሽ ሰዓት ጸጥ ብሎ መተኛት ነው። ለስምንት ሳምንት በሳምንት አንድ ጊዜ ቀጠረቻት።

«አልዋሽሽም» አለቻት የመጀመሪያው ቀን፣ የእናኑን የምርመራ ወረቀት አገላብጣ ካየች በኋላ። «ሰውነትን ያረጋጋል ይባላል። ከዚህ ወጥተው የወለዱ አሉ፣ ያልወለዱም አሉ። ልጅ ይሰጣል ብዬ አልምልልሽም። ሐኪሞቹ አንቺን ምንም የለብሽም ብለዋል። ባለቤትሽስ ተመርምሯል?»

«እሱ ምን ይሆናል ብለው ነው?» አለች እናኑ።

ሲስተሯ ቀና ብላ አየቻትና ነገሩን ለሌላ ቀን አሳደረችው። አንድ ነገር ግን አጥብቃ አዘዘቻት። «ባዶ ሆድሽን እንዳትመጪ። መርፌው ላይ እንዳለሽ ራስሽን ትስቻለሽ።»

እናኑ እሺ አለች። እሺ ያለችው ግን ኪዳነ ምሕረት ፊት ቆማ፣ ሁዳዴን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ እንኳ ሳልቀምስ እጾማለሁ ብላ ከተሳለች በኋላ ነው። አንዱ ቢስት አንዱ ይይዛል ብላ ሁለት ገመድ ጨብጣለች፤ ገመዶቹ ወዲያና ወዲህ እንደሚጎትቷት አላሰበችም። የነፍስ አባቷን ቄስ ክንፈሚካኤልን ብትጠይቃቸው «ሕክምና ላይ ያለ ሰው ይቅመስ» ብለው በፈቱላት ነበር። ነገር ግን እሳቸው የቤቱ ሁሉ የነፍስ አባት ናቸው፣ የአማቷም ጭምር። ምስጢር ያወጣሉ ብላ አልጠረጠረቻቸውም። ቄሱ ወይዘሮ ዓባይነሽ ቤት ተቀምጠው ዓይናቸው ዓይኔ ላይ ያረፈ ቀን ፊቴ ራሱ ይናገርብኛል ብላ ፈራች።

ስለዚህ ሲስተሯ በየሳምንቱ «ቁርስ በልተሻል?» ስትላት «ሽሮ በልቻለሁ» ትላለች። ጾሟን እንዳትሽር ብላ ለሲስተሯ አንድ ውሸት፣ ለባሏ አንድ ውሸት። እንዲህ ያለውን ጾም ኪዳነ ምሕረት እንዴት እንደምትቀበለው እናኑ ራሷም እያሰበች ትጨነቅ ነበር።

በሰባተኛው ረቡዕ ከሚኒባሱ ስትወርድ የበሩን ብረት ይዛ ቆመች። የመንደሩን መንገድ በእግሯ ወጥታ፣ መኪና ላይ ተጨናንቃ ነው የመጣችው፤ ከትናንት ማታ ወዲህ በአፏ የዞረ ነገር የለም። አልጋው ላይ ወጣች። የመጨረሻው መርፌ ቁርጭምጭሚቷ ላይ ሲገባ ጣሪያው ዞረ፤ የሲስተሯ ድምፅ ከሩቅ ሆነባት፣ ከዚያም ጠፋ።

ስትነቃ መርፌዎቹ ተነቅለዋል፣ እግሮቿ ትራስ ላይ ከፍ ብለዋል፤ ሲስተር ሰርካለም የስኳር ውሃ ከንፈሯ ላይ ይዛለች። እናኑ ጥርሷን ነከሰች።

«ጠጪ እንጂ!»

«ስንት ሰዓት ነው?»

«ስድስት ሰዓት ሊሆን ነው። ምን አገናኘው?»

«ዘጠኝ አልሆነማ» አለች እናኑ፣ እንባዋም መጣ።

ያኔ ሲስተሯ ሁሉም ነገር ገባት። ብርጭቆውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ «ሰባት ሳምንት ሙሉ?» አለች። መልስም አልጠበቀችም። ከእናኑ ስልክ ላይ የቢሆነኝን ቁጥር አውጥታ ደውላ ክፍሏ ያለበትን ነገረችው። «ባለቤትዎ ቡሬ እኔ ጋ ናት። ትንሽ ደክሟታል፤ አይደንግጡ።»

አይደንግጡ ተብሎ ያልደነገጠ ሰው የለም። እናኑ ዓይኗን በሩ ላይ ተክላ ቀረች። ቤቷ ዛሬ ፈረሰ። ለአማቷ የሚቀርብላቸው ማስረጃ ይኸው፤ ውሸታም፣ በጾም ሆዷን ገልጣ መርፌ የምታስወጋ። አንድ ሰዓት ያህል ጠበቀች፤ ያ አንድ ሰዓት ከዘጠኙ ዓመት ረዘመባት።

ቢሆነኝ የእርሻ አቧራውን እንደለበሰ ገባ። አልጋውን አየ፣ ትሪው ላይ የተደረደሩትን መርፌዎች አየ።

«በርበሬው ይኸ ነው?» አለ።

የመለሰችለት ሲስተሯ ነች። መርፌውን፣ ጾሙን፣ እናኑ አልጋው ላይ ሆና የነገረቻትን ስለት አንድ ሳታስቀር ነገረችው፤ ስትጨርስም አንድ ወረቀት ዘረጋችለት። «ጌታዬ፣ እሷ ተመርምራለች፤ ጤነኛ ናት። አሁን ተራው የእርስዎ ነው። ይኸን ይዘው ሐኪም ጋ ይሂዱ።»

ወረቀቱን አልተቀበለም፤ ሲስተሯ ጠረጴዛው ላይ ተወችው። ኮፍያውን አውልቆ በእጁ ያሽከረክረው ጀመር። ወደ ወለሉ እያየ፣ «ተመርምሬያለሁ» አለ።

«መቸ?» አለች እናኑ፤ ከአልጋው ላይ በክንዷ ቀና ብላ።

«ካቻምና። በሬ ልገዛ ደምበጫ ሄድኩ ብየሽ ያለ በሬ የተመለስኩ ጊዜ፣ ባሕር ዳር ነበርኩ። ዘርህ አንሷል፣ ሕክምና ጀምር ብለው ቀጠሩኝ። ወረቀቱን መንገድ ላይ ቀደድኩት።»

ሲስተር ሰርካለም ቀስ ብላ ወደ ውጭ ወጣች።

«እናትህ ከላም ሲቆጥሩኝ አጠገቤ ነበርክ» አለች እናኑ። ድምፅዋ አልጮኸም፤ የሚያስፈራውም እሱ ነበር። «ዘመድ ሁሉ እየሰማ። ምነው አንድ ቃል? ቢሆነኝ፣ አንድ ቃል?»

«ከነገርኩሽ ትሄጃለሽ ብየ ፈራሁ።»

«እኔን ሊያስወጡ ቀን ሲቆርጡስ?»

«አልፈታሽም ነበር። በኪዳነ ምሕረት እምልልሻለሁ፣ አልፈታሽም ነበር።»

«በሷ አትማል!» አለችው። «እኔ ለሷ የተሳልኩት በማን ጥፋት ነው?»

የስኳር ውሃው እዚያው ጠረጴዛው ላይ ነበር። እጇን ሰደደችና ብርጭቆውን አነሳች።

«ዘጠኝ ሰዓት አልሞላም እኮ» አለ ቢሆነኝ፣ ደንግጦ።

«ለኔ ሞልቷል።»

እስከ ጭላጩ ጠጣችው። ከዚያ ከአልጋው ወርዳ ነጠላዋን አጣፋችና ወረቀቱን ከጠረጴዛው ላይ አንስታ እጁ ላይ አኖረችለት። «ይችን አትቀዳትም። የኔን የሚመጣውን ረቡዕ መርፌ ሲስተር ለሌላ ሴት ትስጠው፤ አንተ በዚያ ቀን ባሕር ዳር ነህ። ዛሬ ግን ከዚህ ወጥተን እናትህ ዘንድ ነው የምንገባው። የምትናገረው አንተ ነህ።»

በሚኒባስ ወደ ፍኖተ ሰላም ተመለሱ። ወይዘሮ ዓባይነሽ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ምስር ይለቅማሉ። ሁለቱን አብረው ሲያዩዋቸው ሰፌዱን አስቀመጡ። «ምነው በደኅና? የሚታይ ነገር ተገኘ እንዴ?»

ቢሆነኝ ወደ እናኑ ዞረ። እናኑ አጠገቡ ቆማለች፤ እንደ እሱ ግን አንገቷን አልደፋችም።

«እናቴ» አለ፣ «እናኑ ጤነኛ ናት። ጉድለቱ ከኔ ነው። ከካቻምና ጀምሮ አውቄ ደበቅኩ።»

ዘጠኝ ዓመት ለእናኑ ቃል አጥተው የማያውቁት ሴት ዛሬ አጡ። ሰውነታቸውን ወደ አንድ ወገን ሸሸት አድርገው «ተቀመጭ ልጄ» አሏት፤ እናኑም ተቀመጠች። ቢሆነኝ እግሯ ሥር ሊወድቅ ጎንበስ ሲል በእጇ አገደችው። ቤቱን አትለቅም፣ እሱንም ብቻውን አትተወውም፤ ያንን በሚኒባሱ ውስጥ ወስናለች። ይቅርታውን ግን ለፋሲካ አቆየችው።