ጸበል ላይ ነኝ ያልሁ ቀን

ዛሬ ጧት አንድ የቂል ሥራ ሠራሁ። ቴሌግራም ላይ አንዲት የማላውቃት እናት የታመመ ልጇን ፎቶ ለጥፋ «ደም የሚሰጥ የእግዜር ሰው አለ?» ትላለች። አሳዘነችኝና እንባ የሚያፈስ ፊት መርጬ ከሥሩ ላክሁላት። መነጽሬ ሌላ ክፍል ነበር። ቆይቶ አንድ ሰው «አባት፣ በልጅ ሕመም ምን ያስቅዎታል?» ብሎ ጻፈብኝ። የልጅ ልጄ ትንሣኤ ስልኩን ነጥቃ አየችና «አያቴ፣ ይኼ እኮ እስኪያለቅስ የሚስቅ ነው!» አለች፤ እሷም እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ወዲያው አጠፋችልኝ። እኔ ግን አብሬያት መሳቅ አቃተኝ። እንዲህ ባለ ልመና ፊት ከዚህ የባሰ ሠርቻለሁና።

ነገሩ የሆነው በጎረምሳነቴ ነው፤ ገና የስድሳ አንድ ዓመት ልጅ ሳለሁ። ወሩ ጥቅምት ነበር፤ አገራችን እስቴ ላይ ገብሱ ቢጫ ሆኖ አጫጅ የሚጠብቅበት፣ ጧት ጧት ብርዱ ጆሮ የሚቆነጥጥበት። ትንሣኤ ሰባት ዓመቷ ነበር። ሳትወድቅ ሳትመታ ገላዋ ይበልዝ፣ ድዷ ይደማ ጀመር። ከመካነ ኢየሱስ ወደ ደብረ ታቦር፣ ከዚያም ወደ ባሕር ዳር ላኩን። እናቷ፣ ልጄ ጥሩወርቅ፣ እሷን አቅፋ፣ እኔ የበሶ ስልቻዬን አቅፌ አውቶቡስ ተሳፈርን። መኪናው ባነጠረን ቁጥር «አይዞሽ፣ አያትሽ እያለ! ደሜ ላንቺ ይፍሰስ!» እላታለሁ። ይህችን ቃል በሠርግም በለቅሶም ሳልሰስት የምረጫት ሰው ነኝ። ቃል ናት፤ ማን መጥቶ ይቀዳኛል?

ሐኪሙ መጣ።

«ደም ያስፈልጋታል። ሳይመሽ ሰጪ ፈልጉ። ካደረ እፈራለሁ» አለን።

ጥሩወርቅ ክንዷን ዘረጋች። የራሷም ደም አነስተኛ ሆኖ ተገኘና ነርሷ መለሰቻት። ባሏ ሩቅ አገር ለሥራ ሄዷል። የቀረሁት እኔ ነኝ።

«ዕድሜዎ ስንት ነው፣ አባት?»

«ስድሳ አንድ።»

«ጤነኛ ከሆኑ ይችላሉ። ይምጡ፣ እንመርምርዎ።»

መርፌውን አየሁት። ሞፈር አከለብኝ። ከጅብ ጋር ስለመተናነቄ ለአገር ሁሉ የማወራው ሰውዬ ወደ በሩ አፈገፈግሁ።

«እኔ እንኳ... ጸበል ላይ ነኝ» አልሁ።

በአገራችን ሱባኤ ይዞ የሚጠመቅ ሰው መርፌ አይነካውም፤ ደፍሮ የሚከራከረውም የለም። ነርሷም መርፌዋን መለሰች። ጥሩወርቅ ብቻ ቀና ብላ አየችኝ። ከፍልሰታ ወዲህ ጸበል ደጅ እንዳልረገጥሁ ታውቃለች።

«እሺ፣ አባዬ» አለች። ብትሰድበኝ በተሻለኝ።

ስልኳን አውጥታ ስለ ልጇ ሕመም አንድ ብዙ ሰው ያለበት የቴሌግራም ቡድን ውስጥ ጻፈች። «ባዳ ለባዳ ደሙን ሊሰጥ? ወይ ሞኝነት!» ብዬ አጉረመረምሁ። አፌ አላረፈም እንጂ ዓይኔ ግን በሩ ላይ ነበር። ሰዓት ሳይሞላ መምጣት ጀመሩ። አንድ ባለባጃጅ፤ ሁለት ተማሪዎች፤ ሱቁን ዘግቶ የመጣ ሙስሊም ነጋዴ። ነጋዴው እጅጌውን እየሰበሰበ «ልጅቷ እህል ቀመሰች?» ብሎ ጠየቀ፤ ሌላ ምንም አላለም። የማን ልጅ ናት፣ ከየት ናት ያለ አልነበረም።

መጨረሻ የመጣችው ሃያ ዓመት የማይሞላት የምትመስል ቀጭን ልጅ ነበረች። ሰጥታ ስትወጣ ለሰጪ የሚታደለውን ብስኩት ይዛ አጠገቤ አግዳሚው ላይ ተቀመጠች።

«እርስዎም ሰጡ፣ አባቴ?»

«ጸበል ላይ ነኝ፣ ልጄ።» ሁለተኛው ውሸት ከመጀመሪያው ይቀልላል።

ፊቷ በራ። «እንግዲያው እግዜር ነው ያገናኘን! እናቴ ታማብኛለች። ሲጠመቁ በስሟ ይጸልዩልኝ።» የእናቷን ክርስትና ስም ነገረችኝ። ብስኩቱንም እጄ ላይ አኖረች፤ «ሲገድፉ ይበሉት» ብላ።

እሺ፣ እሺ እያልሁ አንገቴን ነቀነቅሁ። ልቤ ግን ብስኩቱ ላይ ነበር፤ በሶው መንገድ ላይ አልቆ ከጧት ጀምሮ እህል አልቀመስሁም። ልጅቷ ከግቢው ሳትወጣ በልቼ ጨረስሁት። ደም ሰጥታ ባዶ ሆዷን ሄደች።

ትንሣኤ ያን ምሽት ከንፈሯ ቀላ። ከብዙ ወር ሕክምና በኋላ ዳነች። ጥሩወርቅ ያቺን የጸበል ውሸቴን እስከ ዛሬ አንስታብኝ አታውቅም። አምና ደም ልስጥ ብዬ ብሄድ «ዕድሜዎ አልፏል፣ አባት» ብለው በአክብሮት ሸኙኝ፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ እፎይ አልሁ።

አሁን በየወሩ እውነተኛ ጸበል እጠመቃለሁ። ቀዝቃዛው ውሃ ማጅራቴ ላይ ሲወርድ «ወለተ...» ብዬ እጀምርና እቆማለሁ። ወለተ ማን እንዳለችኝ አልያዝሁትም፤ ግማሹ የአገራችን ሴት ወለተ ነው። ቀሪውን እግዜር ያውቀዋል እያልሁ ራሴን እሸነግላለሁ። ልጅቷ ግን ስሙን የነገረችው ለእኔ ነበር።