ሁለት ፊደል ተኩል

ባሌ ኢርሻድ ጭሮ ውስጥ ኮምፒውተር በማናገር የታወቀ ሰው ነው። ሰው ማናገሩ ግን እንጃ። ከመናኸሪያው ጀርባ፣ ከሞባይል ጠጋኙ በላይ አንዲት ክፍል ተከራይቶ፣ ከሰዓት ጫቱን ይዞ በርጫው ላይ ሲቀመጥ ዓለምን የሚቀይር ሲስተም ይጽፋል፤ በማግስቱ ጠዋት ግማሹን ራሱ ያጠፋዋል። ሠላሳ አራት ዓመቱ ነው። ዩኒቨርሲቲ ሁለት ዓመት ከተማረ በኋላ “መምህሮቹ ወደ ኋላ ቀሩብኝ” ብሎ አቋርጦ መጣ። ወላሂ፣ ያለው ይህንኑ ነው። እኔ ደግሞ መምህርት ሆኜ ሳለሁ ይህን ሰው አገባሁት፤ ስለዚህ ጥፋቱ ሙሉ በሙሉ የእሱ አይደለም።

ሹክሪያ እባላለሁ። ቦኬ ሒሳብ አስተምራለሁ። የምሠራበት የግል ትምህርት ቤት ጭሮ፣ ገለምሶና ቦርደዴም ቅርንጫፍ አለው፤ ስሙን ልተወው፣ እስከ ዛሬ እዚያው ነኝ። ከኢርሻድ ጋር ከተጋባን አራት ዓመታችን ነው። እሱ ጭሮ፣ እኔ ቦኬ። በየዓመቱ የዝውውር ማመልከቻ አስገባለሁ፣ በየዓመቱ ወረቀቱ የሆነ መሳቢያ ውስጥ ገብቶ ይቀራል። በመጨረሻ ዋናው መሥሪያ ቤት ወረቀት ሰለቸውና ዝውውር በስልክ የሚጠየቅበት ሲስተም እንዲሠራ ኢርሻድን ቀጠረው። ደስ አለኝ። ባሌ የሠራው በር ለእኔ ሳይከፈት ለማን ሊከፈት ነው?

ሲስተሙን ሲያስረዳኝ ዓይኑ ይበራ ነበር። እያንዳንዱ መምህር በመለያ ቁጥሩና በፓስዎርዱ ይገባል፣ ጥያቄውን ያስገባል፣ ካልፈለገም ይሰርዛል። “ፓስዎርድሽን እኔ ራሴ እንኳ አላየውም” አለኝ። “ላይብረሪው ሁለት ፊደል ጨው ይነሰንስበትና ይፈጨዋል። የተፈጨ በርበሬ ተመልሶ ዛላ አይሆንም። የእያንዳንዱ ሰው ጨው ስለሚለያይ፣ ሁለት ሰው አንድ ቃል ቢጽፍም ዱቄቱ አይመሳሰልም።” ላይብረሪ የሚለው ሌላ ሰው ጽፎ ያስቀመጠውን፣ የፈለገ ወስዶ የሚሠራበትን ኮድ ነው። ይሄኛው ከእሱም ከእኔም በዕድሜ ይበልጣል። አዲስ የለም ወይ ስለው፣ የድሮ ዕቃ አይሰበርም አለኝ። ስለ ፒካፕ መኪና የሚያወራ ነበር የመሰለኝ።

ፓስዎርዱ ከአሥር ፊደል እንዳያንስ ደነገገ። እኔም “ቢስሚላህቦኬአልቀርም” ብዬ ጻፍኩ። የእኛ ሰው ሥራ የሚጀምረው በቢስሚላህ ነው፤ የአራቱም ከተማ ሙስሊም መምህር ሁሉ እንደዚያው ጀመረ። እነ ቀነኒ ደግሞ፣ የቦርደዴዎቹ ጴንጤዎች፣ በኢየሱስ ጀመሩ። ማንም ለማንም አልተናገረም፤ ሚስጥር ነዋ።

ሰኞ ዕለት የዝውውሩ ዝርዝር በቴሌግራም ወጣ። ስሜ የለም። ደወልኩለት። መዝገቡን አየና ድምፁ ተቀይሮ “ሹክሪያ፣ ሐሙስ ዕለት ራስሽ ሰርዘሽዋል” አለኝ።

“ምን ሆነሃል፣ ለምን እሰርዛለሁ?”

“በአንቺ ቁጥርና በአንቺ ፓስዎርድ ነው የተሰረዘው። ፓስዎርድሽን ለሰው ሰጥተሻል?”

“ለማንም አልሰጠሁም።”

“እንግዲያው አንቺ ነሽ። ጨው ያለበት ነገር አይዋሽም።” ከዚያ ያንን ጥያቄ ጠየቀኝ። “ቦኬ የሚያስቀርሽ ምን አለ?”

ምን እንዳለ ሳይሆን ማን እንዳለ ነው የጠየቀኝ፤ ሁለታችንም ገብቶናል። ስልኩን ዘጋሁት። አሥራ አንድ ቀን አልደወልኩም፣ እሱም አልደወለም። ክፍል ገብቼ ክፍልፋይ እያስተማርኩ እንባዬ ይመጣብኛል፤ ተማሪዎቹ ጠመኔው መስሏቸው መስኮት ከፈቱልኝ። ዝውውሩ ቢቀር ቢያንስ የለመድኩት ነው። ባሌ ከእኔ ቃል ይልቅ ሁለት ፊደል ጨው ማመኑን ግን ልውጠው አልቻልኩም። ትዳሬ እዚያው ላይ ሊፈርስ መሆኑ ታየኝ።

ቅዳሜ ሚኒባስ ተሳፍሬ ጭሮ ገባሁ። ሰላምታም አልሰጠሁትም። ከወንበሩ አስነሥቼው ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጥኩ። “ፓስዎርዴን ዓይንህ እያየ እጽፍልሃለሁ። ከቦኬ መውጣት እንደምፈልግ እዚያው ላይ ተጽፏል” አልኩት። ቁጥሬን 471 ብዬ ጻፍኩ። በንዴት እየተጣደፍኩ ነው። “ቢስሚላህ” ብዬ የቀረውን ሳልጨምር ጣቴ አዳለጠኝና “ግባ” የሚለውን ተጫነ።

ገጹ ተከፈተ።

“ምን አደረግሽ?” አለኝ።

“አምስት ፊደል ጻፍኩ። አሥራ ሁለት ነበር።”

“አይሆንም። ኮምፒውተሩ አስታውሶት ይሆናል” አለ። ሒሳብ አስተማሪ ነኝ፤ አንድ ጊዜ የሆነውን ሁለተኛ ሳልሞክር አልተውም። የእሱን ቁጥር ጻፍኩ። የሲስተሙ አስተዳዳሪ እሱ ነው፤ ቁጥሩም 1፣ ያው ትሑት ሰው አይደል። ፓስዎርዱን በሕይወቴ አላየሁም። ግን የማን ልጅ እንደሆነ አውቃለሁ። እያነበብኩለት ቀስ ብዬ ጻፍኩ፦ “ቢስሚላህሚስትህንእመን”።

የአስተዳዳሪው ገጽ ተከፈተ። የአራት ከተማ መምህር ሁሉ ስም ከነጥያቄው ፊቴ ተዘረጋ።

ኢርሻድ መሬት ላይ፣ ፍራሹ ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ስልኩን አውጥቶ የላይብረሪውን መመሪያ ማንበብ ጀመረ። ሰውዬው ሲስተሙን ከጨረሰ በኋላ ነው መመሪያ የሚያነበው። ከዚያ ነገረኝ። ይሄ የድሮ ላይብረሪ የሚያየው የመጀመሪያዎቹን ስምንት ባይት ብቻ ነው፣ ባይት የኮምፒውተር መስፈሪያ ነው፤ የቀረውን ሳይነግር ይጥለዋል። ለፈረንጅ ፊደል ስምንት ባይት ስምንት ፊደል ነው። የእኛ ፊደል ግን እያንዳንዱ ሦስት ባይት ይበላል። ሦስት ጊዜ ሦስት ዘጠኝ፤ ስለዚህ ሦስተኛው ፊደል ራሱ ሙሉ አይገባም።

“ሁለት ፊደል ተኩል ማለት ነው?” አልኩት።

“ወደዚያ ነው።”

“ከቢስሚላህ ያስቀረው ‘ቢስ’ የሚለውን ነው?”

 አስተግፊሩላህ፣ በዚያ ንዴት ውስጥ ሳቅ ያዘኝ። የምዕራብ ሐረርጌን ሙስሊም መምህር ሁሉ ቢስ ብሎ መዝግቦታል። ኢርሻድ ዱቄቱን በየቀኑ ሲያየው ኖሯል፤ ግን የሁሉም ጨው ስለሚለያይ ከስሩ ያለው አንድ ቃል መሆኑን አልጠረጠረም።

መዝገቡን ሲፈትሽ የእኔ ጥያቄ የተሰረዘው ከገለምሶ እንደሆነ አገኘ። የቁጥሮቹን ዝርዝር አየሁና 417 ላይ ዓይኔ ቆመ። ረዲያ ናት፣ የገለምሶ ባዮሎጂ አስተማሪ። ደወልንላት። “እናቴ ስለታመመች ወደ ጭሮ የጠየቅኩትን ልሰርዝ ሐሙስ ገባሁ። መነጽሬን አላደረግኩም ነበር” አለች። “ሰርዤ ሳበቃ ለጭሮ ተመድበሻል አሉኝ። ስከራከር ሲስተሙ አይሳሳትም ይሉኛል።” 417ን 471 ብላ ጽፋለች፣ ቢስሚላህ ብላለች፣ ገብታለች። ገጹ ስም ስለማያሳይ የእኔን ጥያቄ የራሷ መስሏት ሰረዘች። ስም ያላሳየውም ባሌ ነው፤ ቦታ ያባክናል ብሎ።

ኢርሻድ ስልኩን ዘጋና “አውፍ በይኝ” አለኝ። እኔም “በልብህ ያሰብከውን በአፍህ ጠይቀኸኝ የለ? ይቅርታህንም ሰው ፊት በአፍህ በል” አልኩት። ተናድጄ ነበር፤ ያደርገዋል ብዬ አይደለም። ከመሥሪያ ቤቱ ጋር ያለው ውል ሊታደስለት ሁለት ሳምንት ነበር የቀረው።

ሰኞ አብረን ዋናው መሥሪያ ቤት ሄድን። ኃላፊው አቶ ቶሌሳ ደግ ሰው ናቸው። ነገሩን ሰምተው በሩን ዘጉ። “ረዲያ ገለምሶ ትቅር፣ ሹክሪያ ጭሮ ትምጣ፤ ቀላል ነው” አሉ። “አንተ ደግሞ ኔትወርክ ነበር ብለህ ሁለት መስመር ጻፍልኝና እንዝጋው። ኔትወርክ ካልክ ማንም አይጠይቅህም።” እውነታቸውን ነው። በዚህ አገር ኔትወርክ ያልተሸከመው ጥፋት የለም።

ኢርሻድ ወረቀት ተቀበለና ጻፈ። ረጅም ጊዜ ወሰደበት። አቶ ቶሌሳ መነጽራቸውን አድርገው፣ ጸሐፊዋ ባለችበት ጮክ ብለው አነበቡት፦ “ችግሩ የኔትወርክ አይደለም። ላይብረሪውን መርጬ ሳላጣራ ያስገባሁት እኔ ነኝ። የሁሉም መምህር ፓስዎርድ መቀየር አለበት። ባለቤቴ ሹክሪያ መምጣት ፈልጋ ነበር። አላመንኳትም።”

አቶ ቶሌሳ ወረቀቱን መለሱለት። “የመጨረሻዎቹ ሁለት ዓረፍተ ነገሮች የቢሮ ጉዳይ አይደሉም፣ ይሰረዙ” አሉት፤ እስክሪብቶውንም አቀበሉት።

ኢርሻድ እጁን ወደ ኋላ አደረገ። “ሁለቱም እንዳሉ ይቆዩ ጋሼ” አለ። “ማኅተም ይምቱልኝ።”