ረቡዕ ረቡዕ የሚመጣ ጭቃ

እህቴ የምትማርበት ትምህርት ቤት ግቢው ሲሚንቶ ነው። ከቤታችን እስከዚያ ያለው መንገድም ንጣፍ ነው። አንድ ረቡዕ ስትመለስ ጫማዋ ሥር ጥቁር ጭቃ አየሁ። በሚቀጥለው ረቡዕም ጭቃ ነበረ። ያን ጊዜ ጫማውን አንስቼ አሸተትኩት። የወንዝ ጭቃ ነው።

"የት ነበርሽ?"

"ትምህርት ቤት።"

"ትምህርት ቤት ወንዝ አለ?"

"መምህራችን ወደ ውጭ ይዘውን ወጥተው ነው። ለሒሳብ።"

"ሒሳብ ወንዝ ዳር ምን ይሠራል?"

ትከሻዋን ነቅንቃ ወደ ጓዳ ገባች። ሰባተኛ ክፍል ናት፤ ብዙ አታወራም። እኔም አላወራም። እናታችን ሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ውስጥ በፈረቃ ስለምትሠራ የትምህርቷን ጉዳይ የምከታተለው እኔ ነኝ።

እኔ ከስምንተኛ ክፍል አቋርጬ ነው ፒያሳ ሰዓት ጥገና የገባሁት። ሥራውን አሮጌ ሰዓቶች እየፈታሁ በራሴ ተማርኩ፤ እንግሊዝኛውንም ከሰዓት ካርቶን ውስጥ ከሚወጡ መመሪያዎች ለቃቀምኩት። ለዚህ የሚያመሰግኑኝ አሉ። እኔ ግን ያጣሁትን አውቃለሁ፤ ያጣሁት ወንበር ነው። ሰሌዳ ፊት ተቀምጦ አንድን ነገር ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው መስማት። እህቴ ያንን ወንበር አግኝታ ሳለ አንድ ሰው አስነስቶ ወንዝ ዳር ከወሰዳት፣ ወይ ሰነፍ ነው ወይ የሚደብቀው ነገር አለ።

ሰኞ የፈቃድ ወረቀት ይዛ መጣች። እስከ ዓመቱ መጨረሻ ረቡዕ ረቡዕ ከግቢ ወጥታ እንድትማር እስከ ዓርብ መፈረም አለብኝ። ካልፈረምኩ ሌሎቹ ሲወጡ እሷ ቤተ መጻሕፍት ትቀመጣለች። ወረቀቱን መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት።

"አትፈርምም?"

"አስብበታለሁ።"

"አስብበታለሁ" ስል ምን ማለቴ እንደሆነ ታውቃለች። ፊቷን አዞረች።

ማክሰኞ ጎረቤታችን እትዬ እስከ ሰዓት ጥገና ሱቄ ድረስ መጡ። ዶሮ ማነቂያ ሰፈር፣ ከፈረሳው በተረፈው ወገን፣ ከግቢያቸው የድንጋይ አጥር ጥላ ሥር ድንችና ቃሪያ ይሸጣሉ። ሳይቀመጡ ጀመሩ፦

"አንተ፣ እህትህ የማንን ቤት ነው የምትለካው?"

"ምን አደረገች?"

"ባለፈው ረቡዕ ከነጓደኞቿ መጥታ አጥሬ ላይ ገመድ ዘረጋች። ጻፈች። ሰላም ያለችኝ እንኳን ለክታ ስትጨርስ ነው።"

"ለትምህርት ነው አሉ፣ እትዬ።"

"ትምህርት!" ሳቁ። "ዱሮ ባለ ሜትሩ ሰውዬ ሲመጣ እንጮህ ነበር። አሁን ነቅተው ልጅ ላኩ። በልጅ ላይ ማን ይጮሃል?"

በእኛ ሰፈር ሜትርና ደብተር የያዘ ሰው ከመጣ ቀጥሎ የሚሆነውን ሁሉም ያውቃል። መጀመሪያ ይለካል። ከዚያ በቀይ ቀለም ቁጥር ይጻፋል። ማዶ የነበሩት ጎረቤቶቻችን እንዲህ ነው የሄዱት። ስለዚህ የእትዬ ነገር አላሳቀኝም።

ረቡዕ ሱቄን ዘግቼ ተከተልኳቸው። ሃያ ስድስት ተማሪዎች ነበሩ፤ ሁለቴ ቆጠርኳቸው። በየቡድኑ የአንድ ሜትር ዱላና በየሜትሩ የተቋጠረ ገመድ ይዘዋል። መምህሩ ቀጭን ሰው ነው፤ ዝናብ በሌለበት ጥቁር ጃንጥላ ይዟል። ራስ መኮንን ድልድይ ጋ ሲደርሱ ከቆመ ታክሲ ጀርባ ተጠለልኩ። ወደ ቤቶቹ ያያል? ስልክ ይደውላል? ከሆነ ሰው ጋር በዓይን ይጠቃቀሳል? እነዚህን ነበር የምጠብቀው። አንዱንም አላደረገም፤ ይህም ራሱ አጠራጠረኝ።

"ጀለስ፣ ትሳፈራለህ ወይስ ትሰልላለህ?" አለኝ የታክሲው ረዳት።

"ሰው እየጠበቅኩ ነው።"

"ከሰባተኛ ክፍል? ነቄ ነን እኮ!"

ታክሲው ውስጥ ያሉት ሳቁ። ጆሮዬ ጋለ። ከመንገዱ ሁሉ የሚያጠራጥረው ሰው እኔ ነበርኩ።

ያኔ የእህቴን ድምፅ ሰማሁ። መጀመሪያ የሌላ ልጅ መሰለኝ፤ ቤት ውስጥ እንዲያ ጮኻ አታውቅም።

"አይደለም መምህር! ዱላውን አጋድሞ ነው የያዘው! ቀጥ ካላለ ጥላው ይሳሳታል!"

"እሺ ኢንጂነር" አለ ዱላውን የያዘው ልጅ።

"ቀጥ አድርገውና ዝም በል።"

ልጁ ቀጥ አደረገው። የዱላውን ጥላ ለኩ፤ የአንዱን ዛፍ ጥላ ለኩ፤ ከዚያ ማንም ሳይወጣበት ዛፉ ስንት ሜትር እንደሆነ ጻፉ። እኔ ይህን ትምህርት ስምንተኛ ክፍል ከሰሌዳ ገልብጫለሁ። ሁለት ባለ ሦስት ማዕዘን ቅርጾች በማስመሪያ አሳምሬ ሠርቼ ምን እንደሆኑ ሳላውቅ ወጣሁ። አንደኛው ዛፍ መሆኑ የገባኝ ከታክሲ ጀርባ ቆሜ ነው።

ቢሆንም አላመንኩም። ዛፍ ሌላ፣ የእትዬ አጥር ሌላ።

አመሻሽ ላይ እግሯን ስትታጠብ ደብተሯን ገለጥኩ። የእትዬ አጥር ተመዝግቧል፤ ሰዓቱም ጭምር፣ ረፋድ አራት ተኩል። የአንድ ሜትር ዱላ ጥላ ሃምሳ ሳንቲም። አጥሩ ሁለት ሜትር ከስድሳ። ጥላው መሆን የነበረበት አንድ ሜትር ከሠላሳ፤ የተገኘው አንድ ሜትር ከአርባ ስምንት። ጎኑ ላይ "ለምን?" ብላ ጽፋ ሁለቴ አስምራበታለች። ከሥሩ መምህሩ በቀይ እስክሪብቶ "ተመልሰሽ እዪው" ብሎ ጽፏል።

ደስ አለኝ። የአሥራ ስምንት ሳንቲም ስህተት አይቶ ሳያርም የሚያልፍ መምህር፣ ላለመፈረም ከበቂ በላይ ምክንያት ነው።

ሐሙስ ስህተቱን ላረጋግጥ ሄድኩ። ከአሮጌ የግድግዳ ሰዓት የወጣ የነሐስ ክብደት በክር አሥሬ፣ በርጩማ ላይ ቆሜ ከአጥሩ ጫፍ እንደ ቱንቢ አወረድኩት።

"አንተም ጀመርክ?" አሉ እትዬ ከሥር ድንች እየመደቡ።

ክሩ መወዛወዙን እስኪያቆም ጠበቅኩ። ከላይ ድንጋዩን ነክቷል። ከታች ከአጥሩ ርቋል። በብረት ማስመሪያ ሦስት ጊዜ ለካሁት፤ አሥራ ሰባት ተኩል። ልጆቹ አልተሳሳቱም። አጥሩ ወደ መንገዱ፣ እትዬ በየረፋዱ ወደሚቀመጡበት ቦታ ዘምሟል። ሰባት ዓመት በሥሩ አልፌያለሁ።

"እትዬ፣ ከዚህ ይነሱ። አጥሩ ሊወድቅ ነው።"

"አላልኩህም!" ብድግ አሉ። "ለኩት፣ ዘመመ አሉ፤ ቀጥሎ ቀይ ቀለም ነው። ስንት ሰጥተው አስገቡህ?"

"ማንም አላስገባኝም። ክሩን ይዩት።"

ክሩን አላዩም፤ እኔን ነው ያዩት። ማክሰኞ ዕለት መምህሩን በልቤ ያየሁት እንዲሁ ነበር።

ዓርብ ጠዋት ሳልፍ ሁለት የባሕር ዛፍ አጠና አጥሩን ደግፎታል። እትዬ ከማዶ፣ ፀሐይ ላይ ተቀምጠዋል። "ብርድ ብርድ ብሎኝ ነው" አሉኝ፣ ምንም ሳልጠይቃቸው።

እህቴ ወደ ትምህርት ቤት ስትሄድ ሱቄ ጎራ አለች። ወረቀቱን ከመሳቢያው አውጥቼ ባንኮኒው ላይ አስቀምጬዋለሁ። አየችው፣ አልነካችውም።

"አጥሩን ደገፉት" አለች።

"አየሁ።"

"አሥራ ስምንት ነው?" መለካቴን ከእትዬ ሰምታለች።

"አሥራ ሰባት ተኩል።"

"በምን ለካኸው?"

ክብደቱንና ክሩን አሳየኋት። ክሩን ጎትታ ፈተነችው። ፈረምኩ። ከፊርማዬ ሥር አንድ መስመር ጨመርኩ፦ ዓመቱ ሲያልቅ የሰፈሩ ልኬት ያለባቸው ደብተሮች ለማንም ሳይሰጡ ለልጆቹ ይመለሱ። መምህሩ ይህን ሲያነብ ምን እንደሚል አላውቅም፤ ይበል።

ወረቀቱን ሁለቴ አነበበችና መልሳ ገፋችልኝ።

"ሰዓቱንም ጻፍበት።"

የእጅ ሰዓቴን አይቼ ሁለት ሰዓት ከአሥራ ሁለት ብዬ ጻፍኩ። አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ከዚያ ከሱቁ ደጃፍ ቆማ፣ ንጣፉ ላይ የወደቀውን የራሷን ጥላ ለአፍታ አየች። ሰዓቴን አላመነችውም።