መክብብ ሊያወርደው ያልቻለው ዘፈን

መክብብ ከእናቱ ከፀሐይነሽ ጋር ከእኔ በላይ ነው የሚኖረው፤ አትላንታ አጠገብ፣ ኖርክሮስ ውስጥ፣ ግድግዳው ስስ በሆነ አፓርታማ። ስለዚህ ዘፈኖቹን ሁሉ ዓለም ሳይሰማቸው በጣሪያዬ በኩል ሰምቻቸዋለሁ፤ ወደድኩም ጠላሁም። ዓለም የሰማውን ማለቴ ነው። አብዛኛውን የሰማነው እኔና እናቱ ብቻ ነን።

በዚህ ዘመን፣ በፈረንጆቹ ከሁለት ሺህ አሥር ወዲህ ባሉት ዓመታት፣ አትላንታ ውስጥ ድንጋይ ብትወረውር የሚያርፈው ራፐር ላይ ነው። መክብብም አንዱ ነው። ቀን መጋዘን ውስጥ ካርቶን ይጭናል፤ ማታ ማታ ደግሞ ልብስ ማስቀመጫው ውስጥ ብርድ ልብስ ሰቅሎ ይቀዳል። ግጥሙም የራሱ፣ ምቱም የራሱ፣ የሲዲውን ሽፋን የሚያትመውም ራሱ። በየነዳጅ ማደያውና በየፀጉር ቤቱ እየዞረ ያድላል። መሃል ከተማ፣ ሚድታውን፣ መድረክ ሲያገኝ በእኔ ታክሲ ነው የምንሄደው፤ አዳራሹ ውስጥ ከተመልካች ይልቅ ተራቸውን የሚጠብቁ ራፐሮች ይበዛሉ።

«ኢንዲፔንደንት ነኝ» ይለኝ ነበር ደረቱን ነፍቶ።

«ምን ማለት ነው?»

«ዘፈን የሚያሳትምልኝ ሌብል የለኝም፣ ማናጀር የለኝም። ላይክ፣ ማንም አያዘኝም።»

«ማንም አይረዳህም በለኛ!»

«ጋሽ ጥሩሰው፣ ካም ኦን!»

እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ፤ ፀሐይነሽ ጴንጤ ናት፤ ስንቀላለድ ነው የኖርነው። አንድ ያላት እንቅልፍ የላት እንደሚባለው፣ ባሏ ከሞተ ወዲህ ዓለሟ ይህ ልጅና የቤተ ክርስቲያኑ መዝሙር ናቸው። የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ሽማግሌና አሮጊት ስታነሳና ስታስተኛ ትውልና፣ እሑድ ነጭ ልብሷን ለብሳ ፊት ቆማ ትዘምራለች። የእኔን ሃይማኖት እንዳትነካ እንጂ፣ እውነቱን ለመናገር ድምፅዋ አጥንት ድረስ ይዘልቃል።

አንድ ቅዳሜ መክብብ ይህን ድምፅ ለመነ። ባሏ በሞተ ሰሞን ራሷ የደረሰቻት መዝሙር አለቻት፤ «ደጅህ ላይ ቆሜአለሁ፣ በስሜ ጥራኝ» የምትል። «እማ፣ ይቺን ብቻ ዘምሪልኝ፤ ዘፈኔ ውስጥ አስገባታለሁ» አላት። ሌላ እናት ብትሆን ትቆጣ ነበር። ፀሐይነሽ ግን ደስ አላት፤ ልጇ በመጨረሻ ወደ ጌታ የተጠጋ መሰላት። እንዲያውም ከመዘመሯ በፊት እጇን ማይክራፎኑ ላይ ጭና ጸለየችበት፤ «የእኛ እግር የማይደርስበት ቦታ አንተ አድርስልን» ብላ። ይህን እሷው ናት የነገረችኝ፣ ኮርታ።

መክብብ ድምፅዋን አፈጠነው፣ ቆራረጠው፣ ከሥሩ ያንን ጣሪያዬን የሚያንቀጠቅጠውን ከበሮ አስገባበት። ዘፈን ሲያልቅ መኪናዬ ውስጥ ነው የሚሞክረው፤ ቤት ውስጥ ሁሉም ያምራል፣ እውነቱ የሚታወቀው መኪና ውስጥ ነው ይላል። ቁልፉን ሰጠሁትና አብሬው ተቀመጥኩ። ራፕ አይገባኝም፤ ያን ቀን ግን ጠጉሬ ቆመ።

እንግዲህ የዚህ ከተማ ወግ እንዲህ ነው፦ አዲስ ዘፈን መጀመሪያ የሚፈተነው ሴቶች ራቁታቸውን በሚደንሱበት ክለብ ነው። እነሱ ከደነሱበት ዲጄው ይደግመዋል፤ ዲጄው ከደጋገመው ሬዲዮው ይከተላል። መክብብም እንደ ሌላው ሁሉ ዘፈኑን ለዲጄዎች በነፃ በተነ፤ ውል የለ፣ ፊርማ የለ፣ «እንደፈለጋችሁ አድርጉት» ብሎ። ስንት ዓመት የናቁት ሰዎች አሁን ዘፈኑን ተቀበሉት። ሴቶቹ ወደዱት። የፀሐይነሽ ጸሎት ተሰማ ልበል? የቤተ ክርስቲያን እግር የማይደርስበት ቦታ በትክክል ደረሰ።

ከክለቡ የተቀረጸ ቪዲዮ ከስልክ ወደ ስልክ ሲዞር ስኔልቪል ያለው የፀሐይነሽ ቤተ ክርስቲያን ወጣቶች ዘንድ ገባ። ድምፅዋን እንዴት ይሳቱት? ከወጣቶቹ ወደ እናቶች፣ ከእናቶች ወደ ሽማግሌዎች። የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ ዳኛቸው ጠርተው አሳዩዋት። ብቻዋን አትሂድ ብዬ አብሬያት ሄጄ ስለነበር አየሁ፤ ራቁቷን የሆነች ልጅ ምሰሶ ላይ ስትሽከረከር፣ ፀሐይነሽ «በስሜ ጥራኝ» ስትል። ስልኩን በነጠላዋ ጫፍ ሸፈነችው።

«እህት ፀሐይነሽ፣ በእርስዎ አንፈርድም» አሉ ሽማግሌው። «ነገር ግን ይህ እስኪጠፋ ድረስ ከመዘምራኑ ቢያርፉ ይሻላል።»

ተናደድኩ። ባሏን ቀብራ የደረሰቻትን መዝሙር እሷ ናት እንዴ ያራከሰችው? አፌን ልከፍት ስል ግን እጄን ያዘችኝ።

ቤት ስንደርስ ለመክብብ የተናገረችው አንድ ቃል ነው፤ «አውርደው።»

ልጁ ክፉ አይደለም። የዚያኑ ሰዓት ከራሱ የኢንተርኔት ገጽ ላይ አጠፋው፤ ከዚያ በኋላ በሌሎች ገጽ ሚሊዮን ሰው ቢያየውም ዝናው ግድ አልሰጠው። ችግሩ ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው። በማግሥቱ በቀን ወደ ክለቡ ወሰድኩት። ዲጄው ደህና ሰው ነበር፣ ከልቡ አዘነ። «ብሮ፣ የእኔን ዲሊት አደርጋለሁ» አለ፤ አደረገም። ከዚያም ሌላ ዲጄ የራሱ የዘፈን ስብስብ ውስጥ እንዳስገባው፣ ከሂዩስተን አንድ ልጅ ሪሚክስ ብሎ እንደገና እንዳቀናበረው በስልኩ አሳየን። መክብብ ያገኘውን ሁሉ ለመነ፤ የሚመልስለት ጥቂቱ ነበር። ሌብል ቢኖረው ጠበቃ ይደውል ነበር። ውል ቢኖር ውሉን ያሳይ ነበር። አሁን ቁጭ ብሎ ስለ መብት ያነባል፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። አንዱን ሲያጠፉለት ሌላው ይለጥፋል። ማይክራፎኑን ሸጠው። እኔም ጣሪያዬ ጸጥ ሲልልኝ ደስ ይለኛል ብዬ ነበር፤ አላለኝም።

ፀሐይነሽ አሁን በስተኋላ፣ በሩ አጠገብ ነው የምትቀመጠው። ጉባኤው ሲዘምር አፏን እንኳ አትከፍትም። «ጠፋ?» ትለዋለች በየሳምንቱ፤ «ትንሽ ቀርቷል እማ» ይላታል። ትንሽ እንዳልቀረ ሁለቱም ያውቃሉ።

ባለፈው እሑድ እናትና ልጁን ከቤተ ክርስቲያናቸው በታክሲዬ ይዤ ስመለስ፣ እሷ ከጎኔ፣ እሱ ከኋላ፣ ቡፎርድ ሃይዌይ ላይ ቀይ መብራት ያዘን። ሙቀት ስለነበር መስኮቱ ክፍት ነው። አንዲት አሮጌ መኪና ከጎናችን ቆመች፤ አንድ ወጣት ጥቁር አሜሪካዊ፣ አንገቱን እየነቀነቀ፣ ያንኑ ዘፈን ከፍቶታል። የማያውቀው ሰው በማያውቀው መኪና ውስጥ ዘፈኑን ሲሰማ፤ ለዚህ ከተማ ራፐር ከዚህ በላይ ሽልማት የለም። በመስታወቱ አየሁት፤ መክብብ የሹራቡን ኮፍያ ዓይኑ ድረስ ስቦ ወንበሩ ሥር ሊገባ ነበር።

ፀሐይነሽ እጇን በመስኮት አወጣችና መዳፏን ወደ ታች አወዛወዘች፤ ቀንሰው ለማለት። ልጁ አያት፣ የወደደችው መሰለው። ፊቱ በሳቅ ተሞላ። እሱም እንደ እሷ እጁን አውጥቶ አወዛወዘላትና ድምፁን እስከ መጨረሻው ከፈተው። እሷ ይበልጥ ስታወዛውዝ እሱም ይበልጥ።

«እማ፣ ተይው» አለ መክብብ። «አያውቅሽም።»

መብራቱ አረንጓዴ ሆነና ልጁ ጥሩምባ ነፍቶላት ሄደ።

«እኔ ነኝ እኮ!» አለችው፣ ከሄደ በኋላ። እጇ አሁንም ውጭ ነበር። ከኋላችን ያሉት መኪኖች ሲጮኹብኝ ነው የነዳሁት።